ማሽኑ የባላገር አፍ አያውቅም

አረንጓዴ ፊደል አልወድም። ጥቁር መስታወት ላይ የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ፊደል ሳይ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ይኼን ለእህቴ ልጅ ለሄለን ብነግራት ሳቀችብኝ። ሄለን አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ ዘንድሮ ቡሄን ከእኛ ጋር ልትውል ደብረ ታቦር መጣች። መጣች ማለት አካሏ መጣ እንጂ ሥራዋን በቦርሳዋ ይዛው ነው የመጣችው። ሙልሙሉ ቀርቦላት፣ ሻዩ ተቀድቶላት፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ውጭ ጅራፍ ይጮኻል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሷ ዓይኗን ከመስታወቱ አትነቅልም። በአጠገቧ ሳልፍ አየሁት። ጥቁር መስኮት፣ አረንጓዴ ፊደል፣ ከታች በግራ በኩል ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ አራት ማዕዘን።

«ይኼን ሬሳ ማን ቆፍሮ አወጣው?» አልኳት።

«ታውቀዋለህ እንዴ ጋሼ?»

ሽማግሌን «አንተ» ማለት ለአዲስ አበባ ልጆች ፍቅር ነው አሉ። ይሁን። የነገረችኝ እንዲህ ነው፤ እኔ ድሮ የሠራሁበት፣ እሷ ዛሬ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ማሽኑ ከሞተ ቆይቷል፤ ሆዱ ውስጥ የነበረው መዝገብ ሁሉ ወደ አዲስ ማሽን ተገልብጧል፤ መዝገቡ ግን የለመደውን የድሮ አነጋገር ካልሆነ አይሰማም። ስለዚህ ላፕቶፗ የድሮው ተርሚናል፣ ማለት ከሩቅ ማሽኑን የምናነጋግርበት ባለ መስታወት መጻፊያ፣ ነኝ ብሎ ይዋሽለታል፣ እሱም አምኖ በሩን ይከፍታል። ድሮም እንዲያ ነበር። ሲዋሹት የሚያምን፣ እውነቱን ሲነግሩት «የለም» የሚል ነገር ነበር። ሄለን ደግሞ ለማስተማር ያህል «ሚኒ ኮምፒውተር ነበር የሚባለው» አለችኝ። ሚኒ! ሁለት ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ማቀዝቀዣ፣ ለብቻው ነጭ ጋውን የለበሰ ጠባቂ የነበረው ነገር እኮ ነው። ለኮርስ አዲስ አበባ ወስደው ሲያሳዩን ጫማችንን አስወልቀውን ነበር። ልሳለመው ምንም አልቀረኝም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ቢነግሩትም አይገባው። ሁሉም ሰው «ጓድ» ነበር፤ የሚጠላህም የሚበላህም። እኔ ከታች ሰፊ የሆነ ቡናማ ቴትሮን ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ የሚነካ ሸሚዝ እለብስ ነበር። አዲስ አበባ ያንን ፋሽን ከጣለችው ስንት ዓመቷ፣ እኛ ጋ ግን ገና መድረሱ ነበር፤ ዘመናዊ ነኝ ብዬ በዚያ ጭቃ ጫፉን እየጎተትኩ እንጎራደዳለሁ። ከገበያው በላይ ባለው ማዕዘን የከድር ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም፣ በሃያ ሳንቲም ጌታ ሆነህ ግማሽ ቀን ትቀመጣለህ። ከድር የተበጠሰ ካሴት በጥፍር ቀለም እያጣበቀ ያዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁን ይጎትታል፣ ያን ጊዜ ከድር ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ጉና ላይ ደመና ከዋለ ዘፈንም የለም። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ምድር ቤቱ ካፌ ነው፣ ወንበሩ ይወጋል፣ ሻይ ብለው የሚያቀርቡት ቀለም ያለው ሙቅ ውሃ ነው።

ተርሚናሉ ወደ እኛ ቢሮ የመጣው በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በጂፕ ነው፤ ማሽኑ ራሱ አዲስ አበባ ቀርቷል። አለቃችን ጓድ ዘውዱ ለምረቃው ሠንጋ አሳረዱ። እኚህ ሰው ሆዳቸው ከካኪ ኮታቸው ሁለት ቁልፍ ቀድሞ የሚሄድ፣ ንግግር ሲጀምሩ ላብ በላብ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። «በጋፋት ፈረንጆች ለንጉሥ መድፍ ሠሩ፤ ዛሬ ግን ለሰፊው ሕዝብ...» ብለው ጀመሩና ለሰፊው ሕዝብ ምን እንደተሠራለት ስላላወቁት አጨብጭቡ አሉን። አጨበጨብን። የጋፋቱ ቢያንስ ሲያዩት መድፍ መሆኑ ይታወቃል። ዘበኛችን ቴሌቪዥን መስሎት ዜና እስኪጀምር ወንበር ስቦ ጠበቀ፤ ቀበሌዎቹም እንደዚያው መስሏቸው ሕዝብ በሰልፍ አምጥተው አሳዩት። ሕዝቡ አረንጓዴ ነጥብ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሁላችንም ብልህ እሱ ነበር።

ከአዲስ አበባው ማሽን ጋር መገናኘት ራሱን የቻለ ውርደት ነበር። መጀመሪያ የስልክ አገናኟን፣ ሴንትራሏን፣ ትለምናለህ። እሷ ጎንደርን ትለምናለች፣ ጎንደር አዲስ አበባን ይለምናል። መስመር ሲገኝ ከወዲያ ፉጨት ይሰማል፤ ይኼኔ የስልኩን እጀታ ሁለት ጎድጓዳ ጆሮ ባለው ሳጥን ላይ ታስተኛዋለህ፣ ሳጥኑም መልሶ ያፏጫል፣ ከዚያ ፊደሉ መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ መንጠባጠብ ይጀምራል። ሴንትራሏ ታዲያ ፉጨት ብቻ ስትሰማ መስመሩ የተበላሸ ይመስላትና «ሃሎ! ጨርሳችኋል?» ብላ ትገባለች። የሷ «ሃሎ» መስታወቱ ላይ ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኖ ይረጫል፣ መስመሩም ይቆረጣል። ጓድ ዘውዱ ይኼን የአሻጥር ምልክት ነው ብለው ለበላይ ጽፈዋል። ሄለን አሁን በአንድ ጣት ነካ አድርጋ ትገባለች። ይመቻት።

ለምን እንገናኝ ነበር? የረሃቡ ዘመን ነው። ከቀዬው የተነቀለውን ሰው በካሚዮን እየጫኑ ወደ ቆላ ያወርዱት ነበር፣ ሰፈራ ተብሎ። ከየሰፈራው የተላከው የስም ዝርዝር የሚገባው ያ ማሽን ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተሰብ የጠፋበትን ሰው ተቀብለን ስሙን እንጠይቃለን። ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ የአበሻ ስም በፈረንጅ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚገባው። «ጠ» በቲ፣ «ፀ» በቲ እና በኤስ፤ ደንቡን በኮርስ ተምረን ሰርተፊኬት ተቀብለንበታል። አንድ ፊደል ከሳትህ ማሽኑ ምንም አያውቅልህም። ሰው ቢሆን «ይህቺን ማለትህ ይሆን?» ይል ነበር።

ስለ «ፀ» እና «ጠ» አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። በእኛ አገር ገጠር ፀሐይ ጠሐይ ናት፣ ጸሎት ጠሎት ነው፣ ፀጉር ጠጉር ነው። እኔ ራሴ የፋርጣ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ስሜ ፀጋው ነው፣ እናቴ ግን እስክትሞት ጠጋው ነበር የምትለኝ። ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪው «ፀ! ፀ!» እያለ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቴን ቀጠቀጠው። ፀጋው ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ከፊቴ «ጠ» ሲል ጣቴን ያመኛል፤ ለማስቆም የማልለው ነገር አልነበረም።

አንጓች የመጣችው በአንዱ ማክሰኞ ነው። ከእብናት አንድ ቀን ተኩል በእግሯ መጥታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቆ፣ ጀርባዋ ላይ አንዲት ስልቻ ተሸክማ ከወንበሬ ፊት ቆመች። በረሃቡ ጊዜ እርዳታ ከሚታደልበት ቦታ ልጇን ለእህቷ ትታ፣ ቤት የቀረ የታመመ ባሏን ልታመጣ ተመለሰች። ባሏን ቀብራ ስትመጣ እህቷም ልጇም ተጭነው ሄደዋል። ዓመት ሆኖታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው።

«ያለችበትን አገር ብቻ ይንገሩኝ ጌታው። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

በታላቅ እህቴ ዕድሜ ነበረች። «አንቱ» ያለችው እኔን ሳይሆን ወንበሩን ነው። እኔ ደግሞ ለወንበሩ ስል «አንቺ» አልኳት።

«ስም?»

«ጠሐይ። ጠሐይ ሙጨ። ስንለያይ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።»

«ጠሐይ አይባልም። ፀሐይ።»

«እኔ ጠሐይ ነው የምላት፣ ጌታው።»

«የምትያት ሌላ፣ ስሟ ሌላ። እስቲ በይው፤ ፀሐይ።»

ሞከረች። ምላሷን ከጥርሷ ጋር አጋጥማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ሞከረች፣ ጠሐይ ብላ ወጣች። የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሱም እኮ ሁሉም ጠሐይ ባይ ነው። እኔም ሳቅሁ። በዚያን ቀን መስመር አልተገኘም፤ በሳምንቱ ነይ አልኳት። ሳምንቱን ኢየሱስ ቅጥር ጥግ ተኝታ፣ ለሰው እንጨት እየፈለጠች ከርማ መጣች፤ ስልቻዋ እንደተቋጠረች ናት።

በዚያኛው ማክሰኞ መስመሩ ተገኘ። በደንቡ መሠረት ቲ እና ኤስ ብዬ ጀምሬ ጻፍኩ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ፣ አንዲት መስመር ጣለ።

«የለችም» አልኳት።

«እንዲያው ጌታው፣ እንደኔ ብለው ቢያዩልኝ? ጠሐይ ብለው?»

ጓድ ዘውዱ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰልፉም ይሰማል። እንዲህ ያለ ጊዜ አያልፈኝም።

«ማሽኑ የባላገር አፍ አያውቅም» አልኳት።

ጓድ ዘውዱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባባሌ በከድር ሻይ ቤት ሁለት ሳምንት ሲደጋገም ሰነበተ፤ ኮርቼበት ነበር፣ አልዋሽም። እሷ ግን አልሄደችም።

«ታዲያ የለችም?» አለች።

«የለችም።»

«ጭራሽ?»

«የለችም አልኩሽ እኮ! ቀጥል!»

«ከዝርዝሩ ውስጥ አልተገኘችም» ብል ኖሮ አፌ አይደክምም ነበር። ግን በእኛ ቋንቋ ከወረቀት የታጣውም ከአፈር የገባውም «የለም» ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው፣ ስልቻዋን አንስታ ወጣች። የሐዘን አለባበስ መሆኑን አላጣሁትም። በርዷት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩትና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠየቅሁ።

ከወር በኋላ ከድር እህል ሊገዛ እብናት ወርዶ ተመለሰ። ሻይ እየቀዳልኝ «ያቺ ሴትዮ ለልጇ ተዝካር አወጣች» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ያንተዋ። የመንግሥት ማሽን ነው ያረዳኝ ብላለች።»

«እኔ የለችም ነው ያልኳት።»

«እኮ» አለ ከድር። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቲ ብቻ ጀምሬ ልሞክረው የምችልበት ሦስት ማክሰኞ ነበረኝ። ቢበዛ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። አልሞከርኩትም። ብትገኝስ? እብናት ወርጄ ተሳስቻለሁ፣ ልክ አንቺ ነበርሽ ልላት ነው? በሰልፉ ፊት፣ በጓድ ዘውዱ ፊት? ብዙ ፈሪ አውቃለሁ፣ በዚያ ዘመን ፈሪ መሆን ነውር አልነበረም፤ ሰው ግን እስርን ነው የሚፈራው፣ ሞትን ነው። እኔ የፈራሁት አንዲት ፊደል ነው። በአራተኛው ሳምንት መብረቅ በስልክ ሽቦው ገብቶ ሳጥኑን አቃጠለው፣ እኔም እፎይ አልኩ። ተርሚናሉ ዳንቴል ለብሶ የጓድ ዘውዱ ቢሮ ጌጥ ሆነ። የሰውን ዕጣ ሲቆርጥ የከረመ ነገር የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ጡረታ ወጣ።

እንግዲህ በቡሄ ጠዋት ይኼ ሁሉ ከዚያች ብልጭ ድርግም ከምትለው አራት ማዕዘን ጋር ነው የተመለሰው።

«የሰፈራው ዝርዝር አለ?» አልኳት ሄለንን።

«ሁሉም አለ። ሰዎች ማስረጃ እየጠየቁን ነው እኮ ወደዚህ የምገባው።»

«እስቲ አንዴ ልቀመጥ።»

የልጆቼን ስልክ ቁጥር በቃሌ አላውቅም፤ የዚያን ርኩስ ማሽን ስም መፈለጊያ ትእዛዝ ግን ጣቴ አልረሳውም። ቲ ብዬ ጀመርኩ፣ ኤስን ዘለልኩት። የድሮው ማሽን ለማሰብ ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ይኼኛው ዓይኔን ሳልጨፍን መለሰ። ጠሐይ ሙጨ። ዕድሜ አሥራ አንድ። የመጣችበት፣ እብናት። አክስት፣ በመንገድ የሞተች። የመዘገባት ጸሐፊ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ሰርተፊኬት አልነበረውም፤ ከልጅቷ አፍ የወጣውን እንደወጣ ጽፎታል። ከሥር ደግሞ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ነበረች። ሄለን በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ተረጎመችልኝ፤ «እናቷን አንጓችን ትፈልጋለች። መልስ ይጠበቃል።»

«አገኘሃት ጋሼ? ማን ናት?» አለችኝ። ስልኬን ዘረጋሁላት። መስታወቱን ፎቶ አንስታልኝ ተነሣሁ።

በማግስቱ እብናት ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰባት ሰው በሦስት ወንበር ተጭነን፣ ሾፌሩ በሁለት እጁ ስልክ እየነካካ፣ መሪውን በጉልበቱ እየያዘ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው መቃብሯን እንደማላጣው ነው። አንጓች ብትኖር ሰማንያ ሊሞላት ምን ቀራት? ለመቃብር ንግግር ማድረግ ይቀላል፤ ይኼ ነበር ተስፋዬ። ገበያው ጥግ ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴት ጠየቅሁ።

«አንጓችን? የጠሐይን እናት?» አለችኝና በአገጯ አመለከተችኝ።

ያመለከተችኝ ሱቅ ደጃፍ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ «ጠሐይ የእህል መሸጫ» ይላል። የኔን ነገር እዩት፤ መጀመሪያ የታየኝ የፊደሉ ስሕተት ነው። ጣቴን አመመኝ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጊቷ ከሰሌዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው ነጭ ለብሷል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ «አንቺ» ማለት አልችልም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳላደረግሁ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«አንተ» አሉኝ። «ያ ጠሐይ አይባልም ያልኸኝ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ስንቄን ቋጥሬ ነበር እኮ የመጣሁት። ስልቻየን አላየሃትም? ያለችበትን ስትነግረኝ ከዚያው ልወርድ። በሶውንም ጥሬውንም ይዠው ተመለስሁና ለተዝካሯ አደረግሁት።» እጃቸውን አራገፉ። «ሰባት ዓመት ቆይታ፣ ያ መንግሥት ሲወድቅ፣ ጠይቃ ጠይቃ በእግሯ መጣች። ተዝካሯን የበሉት ጎረቤቶቸ ሙት ተነሣ ብለው ሸሹ። እኔም መጀመሪያ አልነካኋትም። የገዛ ልጀን ፈራኋት።»

ጠሐይ ከውስጥ ወጣች። ሃምሳ ያለፋት፣ ትከሻዋ ዱቄት የለበሰ፣ ሰፊ ሴት። ከስልኬ ላይ ያንን አረንጓዴ መስመር አሳየኋት፤ ምን እንደሚል ነገርኳት።

«አዎ፣ ብየ ነበር» አለች። «መልሱ ይመጣል ብለውኝ ነበር።» ስልኩን አገላብጣ አይታ መለሰችልኝ። «አንቱን ማን ልበል?»

ፀ ማለት አቃተኝ። «ጠጋው» አልኩ።

አሮጊቷ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው በደኅናው ዓይናቸው አዩኝ።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የዚሁ ነኝ። የፋርጣ። እናቴም ጠጋው ነበር የምትለኝ።»

«ታዲያ» አሉኝ፣ «ያን ዕለት ምን ሆነህ ነው?»